በ34 ዓመቴ ብሬስ ላሳስር አስቤ ወጪው አሳስቦኛል

የማርቆሷ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ 34 ዓመት ሞልቶኛል። ከላይ በስተግራ ያለው ክራንቻዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ከሰልፉ ወጥቶ በጎረቤቱ ጥርስ ላይ ተደርቦ የበቀለ ሲሆን፣ የታች የፊት ጥርሶቼም ቦታ አጥተው እርስ በርስ ተገፋፍተው ቆመዋል። ሳኝክም ሆነ ስናገር የሚያስቸግረኝ ነገር የለም፤ ሕመምም የለኝም። ነገር ግን ስስቅ አፌን በእጄ የመሸፈን ልማድ አለኝ፤ ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ይህንኑ ልማዴን ለጓደኞቿ አስመስላ ስታሳይ በመስኮት አየኋት። ልጅቷን አልተቆጣኋትም፤ ነገሩ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣ አለ።

በክረምቱ ዕረፍት አዲስ አበባ ዘመድ ልጠይቅ በሄድሁበት ጊዜ ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ጎራ ብዬ ታየሁ። ለላይና ለታች የብረት ብሬስ (ጥርስን በሽቦ እየሳበ የሚያስተካክል ማሰሪያ) 95,000 ብር፣ የጥርስን መልክ ለሚመስለው የሴራሚክ ብሬስ ደግሞ 140,000 ብር እንደሚያስከፍሉ፣ ግማሹ በቅድሚያ ቀሪው በየቀጠሮው እንደሚከፈል፣ ሕክምናውም ከ18 ወር እስከ 2 ዓመት እንደሚቆይ ነገሩኝ። በመጪው ታኅሣሥ የሚደርሰኝ የእቁብ ገንዘብ የብረቱን ዋጋ ይሸፍናል፤ ችግሩ ያ ገንዘብ አስቀድሞ የታሰበው ለቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ መሆኑ ነው። ባለቤቴ «አንቺ ካመንሽበት እኔ አልቃወምም» ብሎ ዝም አለ፤ ይህ ደግሞ ከተቃውሞ ይልቅ ያስጨንቃል። እናቴ ግን ዝም አላለችም። «ድርብ ጥርስ እኮ ውበት ነው፤ አባትሽ ያየኝ በዚሁ ጥርሴ ነው፤ ሰው እንዴት ደኅና ጥርሱን በሽቦ ያስራል?» ብላ ሞግታኛለች። ይህን የተናገረችው በልጅነቷ ድዷን ተነቅሳ ሳምንት ሙሉ እህል ያልቀመሰችው እናቴ መሆኗን ልብ ይበሉልኝ።

አሜሪካ የምትኖር አክስቴ በበኩሏ፣ የጥርስን ቅርጽ በሚይዝ ሊጥ መሰል ነገር ልኬቴን ወስጄ ብልክላት፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚቀየር ከፕላስቲክ የተሠራ ግልጽ ማስተካከያ በፖስታ እንደምታስልክልኝ ነግራኛለች። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ የተነገረኝ 95,000 ብር በእርግጥ የመጨረሻው ዋጋ ነውን? ከክፍለ ሀገር እየተመላለሰ የታከመ ሰው ጠቅላላ ወጪው ስንት ደረሰ? በዚህ ዕድሜስ ለመልክ ብቻ ተብሎ ቢሠራ ጉዳት የለውምን?

ከፍኖተ ሰላም

ሰላም ለእርስዎ መምህርት። እኔ ብሬስ ያሳሰርሁት በ37 ዓመቴ፣ ያስወለቅሁት በ39 ዓመቴ ነው፤ የታከምሁት ባሕር ዳር ነው። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ ለዚህ ጉዳይ ያወጣሁትን እያንዳንዱን ብር በደብተር መዝግቤአለሁ፤ ባለቤቴ ስትስቅብኝ የኖረችበት ደብተር ዛሬ ጥቅም ሊሰጥ ነው።

ክሊኒኩ የነገረኝ ዋጋ 80,000 ብር ነበር። ከዚህ ውጭ ለቀጠሮ 19 ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ወደ 175 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ደርሶ መልሱ 350 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ትራንስፖርት፣ ምሳና መሽቶብኝ ያደርሁባቸው ሌሊቶች አልጋ ተደምሮ 30,400 ብር ወጥቶበታል። ብሬሱ ከመታሰሩ በፊት ጥርሴን አሳጥቤ ሁለት የተቦረቦሩ መንጋጋዎች ስላስሞላሁ 6,500 ብር፣ ለራጅ 2,000 ብር፣ ተላቀው እንደገና ለተለጠፉ አምስት ብራኬቶች (ሽቦውን የሚይዙ፣ በጥርስ ላይ የሚለጠፉ ትናንሽ ማያያዣዎች) 4,000 ብር፣ በመጨረሻም ጥርሱ ወደ ቦታው እንዳይመለስ ለሚይዘው ሪቴይነር 9,000 ብር ከፍያለሁ። ለልዩ ልዩ ብሩሾችና ጉንጭን ከሽቦው ለሚከላከለው ሰም ደግሞ 2,600 ብር ሄዷል። ከክሊኒኩ ዋጋ በላይ የወጣው ሲደመር 54,500 ብር ነው፤ ጠቅላላው 134,500 ብር። በሌላ አነጋገር፣ ከተነገረኝ ዋጋ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሚሆን ገንዘብ ማንም ሳይነግረኝ ወጥቷል ማለት ነው። ማንም አላታለለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የእርስዎ መንገድ ከእኔ ይረዝማል። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ በየስድስት ሳምንቱ ለሁለት ዓመት ቢቀጠሩ 17 ጊዜ ያህል ይመላለሳሉ፤ ይህም ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዓባይን በረሃ 34 ጊዜ ያቋርጣሉ ማለት ነው። ባሕር ዳር ቢያደርጉትም ከማርቆስ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ገንዘቡን ትተን ጊዜውን ብናስብ፣ ክፍለ ጊዜዎን የሚሸፍንልዎት ባልደረባ ካልተገኘ እያንዳንዱ ቀጠሮ የፈቃድ ቀን ይበላል። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ ሁለት ተከታታይ ቀጠሮ አምልጦኝ ሕክምናዬ በሦስት ወር ተራዝሟል፤ በዚያ መሐል የላላ ሽቦ ጫፍ ጉንጬን ሲወጋኝ በጥፍር መቁረጫ ቆርጬዋለሁ፤ ይህን ግን ለማንም አልመክርም።

ስለ ብራኬቶቹ መላቀቅም አንድ ነገር ልጨምር። ከአምስቱ ሦስቱ የወለቁት ቆሎ ስቆረጥም ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ቆሎ በሣህን ሲዞር እምቢ ማለት በእኛ አገር እንዴት እንደሚከብድ ያውቃሉ፤ «ጥርሴ ታስሯል» ብሎ ማስረዳቱም ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚመች ወሬ አይደለም። አራተኛው የወለቀው በነሐሴ ቡሬ ላይ በተጠበሰ የበቆሎ እሸት ነው። እሸቱን በቢላዋ ፈልፍሎ መብላት እንደሚቻል ዘግይቶ ገባኝ፤ ግን ያ እሸት መብላት ነው ወይ? እንጀራ በወጥ እንደሆነ ምንም አያስቸግርም፤ ሽቦው በተጠበቀ ማግስት ላሉት ሦስትና አራት ቀናት ከሽሮ ፍትፍት የተሻለ ምግብ አላገኘሁም።

ይቆጭሃል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ አይቆጨኝም። ነገር ግን 134,500 ብር መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ባውቅ ኖሮ አንድ ዓመት ቆጥቤ እጀምር ነበር እንጂ በመሐል ከቁጠባና ብድር ማኅበር አልበደርም ነበር።

የጥርስ ሐኪም፣ ባሕር ዳር

መምህርት፣ ጥያቄዎን በጥንቃቄ ስላቀረቡት ላመሰግንዎት እወዳለሁ። እኔ ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም እንጂ ኦርቶዶንቲስት አይደለሁም፤ ኦርቶዶንቲስት ማለት ከጥርስ ሕክምና ዲግሪ በኋላ ጥርስንና መንጋጋን ስለማስተካከል ለብቻው ተጨማሪ ዓመታት የተማረ ሐኪም ነው። የመጀመሪያው ምክሬም ከዚህ ይነሣል፤ ብሬሱን የሚያስርልዎት ሰው የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በዕድሜዎ ረገድ አይስጉ። ጥርስ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ እንደ ምሰሶ የተቸነከረ ይመስላል እንጂ፣ በሥሩና በአጥንቱ መካከል ቀጭን የጅማት ሽፋን አለ። ሽቦው ጥርሱን በቀስታ ሲገፋው፣ በተገፋበት አቅጣጫ ያለውን አጥንት የሚያሟሙ ሴሎች ሥራ ይጀምራሉ፤ ጥርሱ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት የሚሠሩ ሴሎች ይከተላሉ። ይህ ሂደት በልጅም በአዋቂም ይካሄዳል፤ ልዩነቱ በልጅ ላይ መንጋጋው ራሱ በማደግ ላይ ስለሆነ ዕድገቱን መምራት መቻሉ ነው፤ በአዋቂ ግን ጥርሱን እንጂ መንጋጋውን በሽቦ መለወጥ አይቻልም። የእርስዎ ችግር እንደነገሩን የቦታ መጣበብ ከሆነ ይህ አያሳስብዎትም። ክራንቻ ወደ ኋላ በሚሳብበት ጊዜ በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሄድ ጥሩ እንደሄደ ይቆጠራል፤ ቶሎ እንዲያልቅ ተብሎ ሽቦው ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ለጅማቱ የሚደርሰው ደም ይቋረጣል፤ ጥርሱ ከመፍጠን ይልቅ ይዘገያል፤ የሥሩ ጫፍም ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ «በስድስት ወር እጨርስልሻለሁ» የሚል ሰው ከገጠመዎት ምክንያቱን ይጠይቁት። የፊት ጥርስ ጥቂት ተዛንፎ ንክሻው ደኅና በሆነ ሰው ላይ አጭር ሕክምና አለ፤ ክራንቻው ሙሉ በሙሉ ከሰልፍ ለወጣ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም።

በአዋቂ ላይ ከዕድሜ ይልቅ የሚያስፈራኝ ድድ ነው። ድድዎ የሚደማ ከሆነ ወይም በጥርስዎ ሥር የጠጠረ ቆሻሻ ካለ፣ ጥርሱን የሚይዘው አጥንት እየሸሸ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ብሬስ ማሰር የላላን ካስማ መነቅነቅ ነው። አስቀድሞ ጥርስን ማሳጠብ፣ የተቦረቦረውን ማስሞላት፣ መንጋጋውን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያሳየውን ራጅ መነሣት የግድ ነው። ይህን ሁሉ እዚያው ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ማድረግ ስለሚቻል፣ ብሬስ ባያሳስሩ እንኳ የወጣው ገንዘብ ከንቱ አይቀርም።

የዋጋውን ነገር በተመለከተ፣ ብራኬቱም ሆነ ሽቦው ከውጭ የሚገባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታሰረው የኒኬልና የታይታኒየም ቅይጥ ሽቦ ቢያጣምሙት ወደ መጀመሪያ ቅርጹ የመመለስ ጠባይ አለው፤ ጥርሱንም ይዞት የሚሄደው ይኸው ጠባዩ ነው፤ ይህን አገር ውስጥ የሚሠራው የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የእኛም ዕቃ አብሮ ወጣ። ከዚያ በፊት የታከመ ሰው የነገረዎትን ዋጋ ይዘው አይከራከሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ለመልክ ተብሎ የሚደረግ ሕክምናን ስለማይሸፍን በዚያ በኩል ተስፋ አያድርጉ።

በሴራሚክና በብረት መካከል ለማመንታት 45,000 ብር ብዙ ነው። ሴራሚኩ ሲታይ ያምራል፤ ነገር ግን ከብረቱ ይልቅ ተሰባሪ ነው፤ ከታች ከታሰረም የላይኛው ጥርስ ሲነክሰው የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ሊፍቀው ይችላል። ሲስቁ የሚታየው በአብዛኛው የላዩ ስለሆነ፣ ከላይ ሴራሚክ ከታች ብረት አድርገው ዋጋውን በዚያ መሠረት እንዲያሰሉልዎት መጠየቅ ይችላሉ። ከሁሉ በፊት ግን ቦታው ከየት እንደሚገኝ ይጠይቁ። ቦታ በአብዛኛው የሚገኘው ወይ በጥርስ መካከል ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ በመሞረድ፣ ወይ ከክራንቻ ቀጥሎ ያለውን ጥርስ በመንቀል ነው፤ የሚነቀል ከሆነ ስንት ጥርስ እንደሆነና ዋጋው በ95,000 ብሩ ውስጥ መግባቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። የሪቴይነሩን፣ የተላቀቀ ብራኬት መልሶ የመለጠፉን፣ ሕክምናው ከሁለት ዓመት ቢያልፍ ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ መኖር አለመኖሩን እንዲሁ።

አክስትዎ የሚያስልኩልዎትን ነገር በተመለከተ ሐሳቤ አጭር ነው። ግልጽ ማስተካከያ ራሱ መጥፎ ሕክምና አይደለም፤ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ከተደረገና ሐኪም ከተከታተለው ለብዙ ሰው ይሠራል። በፖስታ የሚመጣው ግን ራጅ ያላየው፣ ድድ ያልዳሰሰው ሥራ ነው። ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለው በዚህ መንገድ ይሠራ የነበረ የአሜሪካ ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኪሳራ ሲዘጋ፣ ሕክምና የጀመሩ ደንበኞቹ መሐል ላይ ቀርተዋል። እነርሱ እዚያው አሜሪካ ሌላ ሐኪም ፈልገዋል፤ እርስዎ ማርቆስ ላይ ሆነው ወዴት ይሄዳሉ?

ዳንግላ ነኝ

እህቴ፣ እኔ ለማስጠንቀቅ ያህል ብቻ እጽፋለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ታስሬ ጥርሴ እንደ መስመር ተስተካከለ። ሪቴይነሩን ማታ ማታ እንዳደርግ ተነግሮኝ ነበር፤ ስድስት ወር አደረግሁ፤ ከዚያ አንድ ቀን ለመስክ ሥራ ስወጣ ቤት ረሳሁት፤ ስመለስ አልገባልህ አለኝ፤ ተውሁት። ዛሬ የታች ጥርሶቼ ከሞላ ጎደል ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመልሰዋል። ያሰረልኝ ሐኪም ከዚያ ክሊኒክ ለቅቆ ስለነበር አዲሱ ሐኪም እንደ አዲስ ታካሚ ዋጋ ነገረኝ። ስለዚህ ሪቴይነር የአንድ ጊዜ ወጪ አድርገው አያስቡት፤ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ በየጥቂት ዓመቱም ይቀየራል። ከታች የፊት ጥርሶች ጀርባ የሚለጠፍ ቋሚ ቀጭን ሽቦ አለ ይባላል፤ እኔ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ እርስዎ ከወዲሁ ይጠይቁ።

የሞጣዋ እናት

ልጄ፣ ሁሉም ስለሚታሰረው ጥርስ ሲነግርሽ እኔ ስላልታሰረው ልንገርሽ። እኔም በ40 ዓመቴ የፊት ጥርሴ ገጠጥ ማለቱ ቅር ስላሰኘኝ ባሕር ዳር ሄጄ ዋጋ ጠይቄ ነበር። የመረመረችኝ ሐኪም ግን የፊቱን ከማየቷ በፊት የኋላውን ነካ ነካ አደረገችና፣ ቀደም ሲል በተነቀሉ ሁለት መንጋጋዎች ምክንያት በአንድ ወገን ብቻ እንደማኝክ ደረሰችበት። ያለኝ ገንዘብ ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ አይበቃም ነበርና የማኝክበትን መረጥሁ። የፊቱ ዛሬም እንደ ገጠጠ ነው። አንቺ መንጋጋሽ ሙሉ ከሆነና የሚያምሽ ከሌለ የእኔ ምርጫ አንቺን አይመለከትም፤ ብቻ ሙሉ መሆኑን አስቀድመሽ እወቂ።

እናትሽን ደግሞ አትቀየሚያት። እኔም ድዴን ተነቅሻለሁ፤ በእሾህ ጫፍ ሲወጉኝ የእናቴን ጉልበት ይዤ ነው ያለቀስሁት፤ ከዚያ በኋላ ግን ለፋሲካ ስስቅ አገር አይቶልኛል። እናትሽ የምትሟገተው ስለ ሕመሙ ወይም ስለ ብሩ አይመስለኝም፤ ጥርስሽ የእርሷ ጥርስ ስለሆነ ነው።

የማርቆሷ መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሞጣዋ እናት የጻፉልኝን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለእናቴ አነበብሁላት፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ሴትዮዋ ማን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሽቦው አላነሣችም።

በሐኪሙ ምክር መሠረት ክሊኒኩን ደውዬ ጠይቄአለሁ። ከላይ ሁለት ጥርስ እንደሚነቀል፣ የነቀላው፣ የራጁና የሪቴይነሩ ዋጋ በ95,000 ብሩ ውስጥ እንደማይገባ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የወለቁ ብራኬቶች ብቻ በነጻ እንደሚለጠፉ ነገሩኝ። ከፍኖተ ሰላም በጻፉልን ወንድሜ ደብተር አምሳል የራሴን ሠርቼ ስደምረው ወደ 160,000 ብር ተጠጋ። ስለዚህ የታኅሣሡ እቁብ ለቆርቆሮው ይውላል፤ ባለቤቴ ይህን ስነግረው ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ ዝምታው ምን እንደነበር ገልጦልኛል። በዚህ ወር እዚሁ ማርቆስ ጥርሴን አሳጥቤ እመረመራለሁ፤ ባሕር ዳር ባለው በኩል ደግሞ ሌላ ዋጋ እጠይቃለሁ፤ የሚቀጥለው ዙር እቁብ ሲጀመር ሁለት ዕጣ እገባለሁ። ለአክስቴም ማስተካከያው ይቅር ብዬ፣ ለእርሱ ያሰበችውን ገንዘብ ብትልክልኝ እንደሚሻለኝ ጽፌላታለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠችም።

ከፍኖተ ሰላም ለጻፉት ወንድሜ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። እርስዎ የታከሙበት ቦታ ቅዳሜ ቀጠሮ ይሰጣል ወይ? በሥራ ቀን ከሆነ ክፍል ጥዬ መሄዴ ነው።

ከፍኖተ ሰላም

ቅዳሜ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ተራው በመጡበት ቅደም ተከተል ስለሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መድረስ ያስፈልጋል። ከማርቆስ በዚያው ዕለት ተነሥተው አይደርሱም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወጥተው ፍኖተ ሰላም ወይም ዳንግላ ላይ ቢያድሩ አልጋው ከባሕር ዳር ይረክሳል። በደብተርዎ ላይ የአልጋውን መስመር አይርሱ።